የሰው አገር ዜማና የእንግዳ ዕዳ

ሰው አገሩን ትቶ ወደ ሰው አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱም ጤናውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሌላውን ደግሞ ችግር ገፍቶ ያስወጣዋል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «መንገዱን ያቅናለት» ብሎ ይሸኛል እንጂ ለምን ሄደ ብሎ አይመረምርም። ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «የሰው አገር ዜማ ልሰማ፣ ከባለአገሮቹም ጋራ ተቀምጬ ልጫወት እሄዳለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎም «ለዚህ ብለህ ገንዘብህን?» ይላል። እኔም እንዲህ ከሚሉት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መሄዱስ ይሁን፤ የሄደው እንግዳ የሰማውንና የተማረውን ዜማ በምን ይከፍላል? የማይከፈል ነገር ከሆነስ ይዞት ሲመለስ ምን ይባላል? ስጦታ ነውን? ግዢ ነውን? ወይስ ባለቤቱ ሳያይ የተነሣ ዕቃ?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ የመዝገብ አያያዝ እንድማር ለሦስት ወር ወደ አየርላንድ ዋና ከተማ ወደ ደብሊን ልኮኝ ሳለ፣ ትምህርቱ በሰኔ ወር ሦስተኛ ሳምንት ተፈጸመና እስከ መመለሻዬ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ተረፈኝ። አብሮኝ ይማር ለነበረ አንድ የአገሩ ሰው፣ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ዋሽንት እነፋ እንደ ነበር አጫውቼው ነበርና «እንግዲያስ ደብሊን ተቀምጠህ የሱቅ መስኮት ከምታይ ወደ ክሌር ሂድ» ብሎ መከረኝ። ከአበሌ የተረፈችውን ቈጥሬ ሄድሁ።

ክሌር በአየርላንድ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የሚገኝ አውራጃ ነው። በዚያ ሚልታውን ማልቤይ የምትባል፣ አንድ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ዊሊ ክላንሲ የሚባል አናጺ ነበር። እንጀራው ከአናጺነቱ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን ኢለን ፓይፕስ የሚባለው የአገሩ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከረጢት አለው፤ ተጫዋቹ በአፉ አይነፋውም፤ በክንዱ ሥር ያሰረውን ወናፍ በክርኑ እየተጫነ ከረጢቱን በነፋስ ይሞላዋል። ኢለን ማለትም በአገሩ ቋንቋ የክርን ማለት ነው። ብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ሲያናፋ ያየ ያገራችን ሰው አሠራሩ በቶሎ ይገባዋል፤ አጨዋወቱ ግን በቶሎ አይገባም። ሰባት ዓመት ለመማር፣ ሰባት ዓመት ለመለማመድ፣ ሰባት ዓመት ለመጫወት፣ በድምሩ ሃያ አንድ ዓመት ይፈጃል ሲሉ ባለሙያዎቹ ይናገራሉ።

ክላንሲ በ1918 ተወልዶ በ1973 በጥር ወር ሞተ (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በዚያው ዓመት ወዳጆቹ በስሙ ለአንድ ሳምንት የሚቈይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ይኸውም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከየአገሩ ከሺህ በላይ ተማሪ ይመጣል። ጧት ትምህርት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንግግርና የሙዚቃ ትርኢት አለ፤ ማታ ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ ጨዋታ ይሆናል። የበጋ ትምህርት ቤት ይሉታል። በጋ ማለታቸው በእነርሱ ቋንቋ ነው እንጂ እኔ በደረስሁበት ሳምንት የጣለው ዝናብ የእኛን ሐምሌ የሚያስንቅ ነበር።

እኔ የገባሁት የቈርቈሮ ዋሽንት በሚማሩበት ክፍል ነበር። የእነርሱ ዋሽንት ስድስት ቀዳዳ አለው፤ የእኛ ብዙውን ጊዜ አራት ነው። ጣቴ በአራት ቀዳዳ፣ ጆሮዬም በአምስት ድምፅ ያደገ ስለ ሆነ፣ በእነርሱ ሰባት ድምፅ ላይ ስሄድ ሁለቱን ሳላውቀው እዘላቸው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ዘጠኝ የማይሞላ ልጅ በዘለልሁ ቍጥር አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። መምህርቷ ወረቀት አልሰጠችንም። አንዲት ቍራጭ ዜማ ትነፋለች፤ እኛ እንመልሳለን፤ ደግማ ትነፋለች፤ ደግመን እንመልሳለን። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ከየኔታ እግር ሥር ሲሰማ የነበረው የቃል ትምህርት ቍርጡ ይኸው ነው። አዲስ ዜማ ከመጀመሯ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትናገር ነበር፤ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው፤ እርሱም ከእናቱ ሰምቶት ነው» ትላለች። እኔ ይህን መግቢያ ለጨዋታ የሚነገር መስሎኝ በጆሮዬ አሳለፍሁት። ብዙ ዜማዎችም ስማቸው የሰው ስም ነው። በዚያው በክሌር ይኖር የነበረ የጋሬት ባሪ ስም ያለበት ዜማ አለ። ባሪ በ1847 በታላቁ ረኃብ ዘመን ተወልዶ በ1899 የሞተ ዓይነ ስውር ነው፤ የክላንሲ አባት ዜማውን ከእርሱ ተቀብሎ ለልጁ አስተላልፏል።

የመጀመሪያው ማታ እንዲህ ሆነ። አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ገባሁ። ሰባት ስምንት ሰዎች በማዕዘን ክብ ሠርተው፣ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል፤ ሰሚው የሚያየው ጀርባቸውን ነው። የድምፅ ማጉያ የለም። ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ኮንሰርቲና የሚሉት እንደ ትንሽ አኮርዲዮን ያለ መሣሪያና አንድ ከበሮ ነበረ። አንዱ ዜማውን ይጀምራል፤ የሚያውቁት ይከተላሉ። ዜማው ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይባላል፤ መላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራል። ዜማውን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን ከጕልበቱ ላይ አኑሮ ዝም ይላል። ይህን ደንብ በግድግዳ ላይ የለጠፈው የለም፤ ነገር ግን የሚጥሰው ሰው በቶሎ ይታወቃል። የተቀመጡትን ሁሉ የሚመሩት አንድ ዋሽንት የሚነፉ አዛውንት ነበሩ። ሌሎቹ ሲደክሙ እርሳቸው ብቻቸውን አንድ ዘገምተኛ ዜማ ነፉ። ቃል የለውም፤ ነገር ግን የሞተ ሰው እንደሚያለቅሱበት ያስታውቃል። አንጀቴን በላው።

ያደግሁበት ልማድ ሲነካኝ ምን እንደሚያሠራኝ አንባቢ ያውቀዋል። እኛ አዝማሪ ሲያስደስተን እንሸልማለን፤ ብሩን ከግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፤ ግጥም እንሰጠዋለን፣ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሳይሸልም የሚወጣ ሰው ንፉግ ይባላል። ስለዚህ ተነሥቼ ሃያ ዩሮ አወጣሁ። ግንባር ላይ መለጠፉን እንኳ አልደፈርሁም፤ ጎንበስ ብዬ ከአዛውንቱ የኮት ኪስ ከተትሁት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጭጭ አለ። አዛውንቱ ፊታቸው ቀላ። ገንዘቡን ከኪሳቸው አውጥተው አጣጥፈው በእጄ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ እኛ የምንጫወተው ለዚህ አይደለም። ነገም ማታ እዚሁ ነን» አሉኝ። ከዚያም አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አድርገው እንድቀመጥ አመለከቱኝ። ኀፍረቴን ይዤ ተቀመጥሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ የተናቅሁ መስሎ ነው። ኋላ ግን ነገሩን ሳገላብጠው ሌላ መልክ አየሁበት። ገንዘብ ከሚሠራቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ሰውን ከሰው ነጻ ማውጣት ነው። ከባለሱቅ ጨው ገዝቼ ዋጋውን ከሰጠሁት በኋላ እርሱ በእኔ ላይ፣ እኔም በእርሱ ላይ አንዳች የለንም፤ ደኅና ዋል ተባብለን እንለያያለን። በእኛ ሙያ ቋንቋ ልናገርና፣ ደረሰኝ የገባበት ጉዳይ ይዘጋል፤ የተዘጋ መዝገብም ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው አቧራ ብቻ ነው። እኔም በዚያች ሃያ ዩሮ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዜማው ነክቶኝ ነበርና የነካኝን ነገር ልዘጋው ፈለግሁ። አዛውንቱ ገንዘቡን ሲመልሱ ግን መዝገቡን ክፍት አድርገው ከእጄ ላይ ተዉት። «ነገም ማታ እዚሁ ነን» ማለታቸው ይህ ነው ብዬ ተረጐምሁት። ምናልባት አልፌ ተርጕሜው ይሆናል፤ እርሳቸው ቀለል አድርገው ተናግረውት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። ዜማ ፍለጋ አገር ጥሎ መሄድ ለአየርላንድ እንግዶች ብቻ የተሰጠ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከዚህ ሌላ ምን ያደርግ ነበር? ድጓ ሊማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር ይሄዳል። አባትና እናቱ ባሉበት ቀዬ ቢማር እርሻ ይጠሩታል፤ ስለዚህ የማይታወቅበት አገር ይመርጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋራ እየታገለ ይማራል። የሚያሳድረው መንደር ዘመዱ አይደለም። ቍራሽ እንጀራ የሰጠችው ሴት ድጓ አታውቅም፤ የተማረው ልጅ ተመልሶ ምን እንዳደረሰበትም አትሰማም። ሆኖም በየኔታ አፍ የነበረው ዜማ በእርሷ እንጀራ ላይ ተሸክሞ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ምልክቱ ከዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ጀምሮ በብራና ላይ እየተጻፈ ሳለ እንኳ ከመምህር አፍ ያልተቀበለው ሰው ባለሙያ አይባልም፤ ባለሙያም ሲጠየቅ የቤተ ልሔም ነኝ፣ የቆማ ነኝ፣ የአጫብር ነኝ ብሎ ዜማውን ከወሰደበት አገር ጋራ ይጠራዋል።

ተማሪውን ከሳምንት እንግዳ ጋራ ሳነጻጽረው ኀፍረት ያዘኝ። እርሱ የከፈለው በረኃብና በዓመታት ነው፤ እኔ የከፈልሁት ከአበሌ በተረፈ ገንዘብና በስድስት ቀን ነው። ታዲያ ሁለታችንም «ዜማ ተማርን» ብንል ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። ይህን ስል ግን ለመምህርቷ የተከፈለው የትምህርት ዋጋ ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። እርሷ ጊዜዋን ሰጥታለች፤ ጊዜ ዋጋ አለው፤ መምህርም ይበላል። የተከፈለው ግን ለጧቱ ሦስት ሰዓት እንጂ ለዜማው አይደለም። በዜማው ላይ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ያ ዓይነ ስውር ባሪ በየቤቱ እየተመራ የዞረበትን መንገድ ሁሉ ሊቈጥር ነውን?

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሴን መቃወም አለብኝ፤ ምክንያቱም «ዜማ በገንዘብ አይለካም» የሚለው ቃል በተመቸው ሰው አፍ ሲሆን ክፉ ቃል ይሆናል። ገንዘቤን የመለሱልኝ አዛውንት ጡረታ አላቸው፤ ቤታቸውም ከብት ያለበት እርሻ ነው። ባሪ ግን የኖረው ከዚሁ ከሙዚቃው ነው። ክላንሲን በወጣትነቱ ያስደነቀው ጆኒ ዶራን ደግሞ በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ከነቤተ ሰቡ እየዞረ፣ በገበያና በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ተጫውቶ ሰዎች ከሚወረውሩት ሳንቲም ይኖር ነበር። ለእርሱ «ሙያህ ከገንዘብ በላይ ነው» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሰው አመስግኖ አስራበው ማለት ነው። የእኛም አዝማሪ እንዲሁ ነው። ስንቱ ባለሥልጣንና ስንቱ ባለጸጋ ሲስቅ አምሽቶ «ልጁ መቼም ጨዋታ አዋቂ ነው» ብሎ ኪሱን ሳይነካ ወጥቷል! እንግዲህ የሚገባው መክፈል ነው፤ ከፍሎም አለመዝጋት ነው። መክፈሉ ቀላል ነው፤ አለመዝጋቱ ግን እንዴት ይሆናል?

የራሴን ጥፋት ልናገር። በወጣትነቴ በሰፈሬ አንድ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ነበረ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ደመወዝ በተቀበልሁ ማግሥት እየሄድሁ ሸልሜዋለሁ፤ ግጥም ሰጥቼዋለሁ፤ ስሜን እያነሣ አወድሶኛል። አንድ ቀን ቤቱ ተዘጋ፤ እርሱም ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ልጠይቅ ስል ስሙን አላውቅም። እርሱ የእኔን ስም በየማታው ሲጠራ እኔ የእርሱን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ከፍዬው ነበራ! መዝገቡ በየወሩ ተዘግቶ ነበራ! ይህን ያስተዋልሁት ያች መምህርት «ከእገሌ ያገኘሁት ነው» እያለች ስትጀምር በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያ በጆሮዬ ያሳለፍሁት መግቢያ ለካስ የትምህርቱ ግማሽ ኖሯል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ በነገርሁት ጊዜ ተቈጥቶ እንዲህ አለኝ። «አንተ የጎጃምን ዋሽንት ጠግበህ ሰምተሃልን? ዶርዜዎች ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ የሚዘፍኑትን በቦታው ሄደህ ሰምተሃልን? የወሎን፣ የጉራጌን፣ የከፋን ሳታውቅ ከባሕር ማዶ ሄደህ የነጭ ዋሽንት መማርህ ምን ይባላል?» መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ነቀፋው እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በቤቱ የለመደውን ድምፅ አይሰማውም፤ የወንዝ ዳር ሰው የወንዙን ጩኸት እንደማይሰማ ማለት ነው። እንግዳ በሆነበት አገር ግን ሁሉ አዲስ ስለ ሆነበት ጆሮው ይከፈታል፤ የተከፈተ ጆሮም ወደ ቤቱ ሲመለስ በቶሎ አይዘጋም። ይህ ማመካኛ ይመስላል፤ ጥቂት ማመካኛም አለበት።

የመዝገብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ጻፉትም ሰዎች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1792 በቤልፋስት ከተማ በገና ደርዳሪዎች ተሰብስበው ነበር፤ ዐሥሩ አየርላንዳውያን፣ አንዱ የዌልስ ሰው፣ ከመካከላቸውም ዓይነ ስውሮች ነበሩ። ሙያው ከእነርሱ ጋራ እንዳይሞት ኤድዋርድ በንቲንግ የሚባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ዜማቸውን በኖታ እንዲጽፍ ተቀጠረ። እርሱ ባይጽፍ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ በቀረ ነበር። ሆኖም ሲያሳትመው ለፒያኖ እንዲመች አድርጎ ስላስተካከለው ከበገናው ጠባይ ብዙ ነገር ቀረበት። ጽሑፍ ያድናል፤ ሲያድንም ይቈርጣል።

ከበንቲንግ ይልቅ ልቤ የሚያደላው ለሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ነው፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ቅርብ ናቸው። አንደኛው ፍራንሲስ ኦኒል ነው። በ1848 በአየርላንድ በኮርክ አውራጃ ተወልዶ በወጣትነቱ ተሰደደ፤ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ፖሊስ ሆኖ ገብቶ በ1901 የከተማው ፖሊስ ዋና አዛዥ ለመሆን በቃ። በዚያ ከተማ የነበሩት ስደተኞች ከየአውራጃቸው ይዘውት የመጡትን ዜማ እየሰበሰበ፣ በ1903 አንድ ሺህ 850 ዜማ ያለበት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1907 ደግሞ 1001 የዳንስ ዜማ የያዘ ሌላ አወጣ። እነዚህም መጻሕፍት ባሕሩን ተመልሰው ተሻግረው በራሳቸው በአየርላንድ ተጫዋቾች እጅ ገቡ። ሁለተኛው ብሬንዳን ብሬናክ ነው። በእርሻ ሚኒስቴር ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተጫዋቾችን እየፈለገ ዜማ ይጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያው መጽሐፉ በ1963 ታተመ። በ1968ም የኢለን ፓይፕስ ተጫዋቾችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። ከሥራ በኋላ ምን ትሠራለህ ተብሎ የሚጠየቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ያለ መልስ ቢኖረው እንዴት መልካም ነበር!

ያ በሠረገላ ይዞር የነበረው ዶራንም ዛሬ የሚሰማው በ1947 በደብሊን በሸክላ ስለ ቀረጹት ነው። ጥቂት ቈይቶ ግድግዳ በሠረገላው ላይ ወድቆ ጐዳው፤ በ1950ም ሞተ። ቀራጮቹ ያን ጊዜ «ሌላ ቀን ይሆናል» ብለው ቢያሳድሩት ኖሮ ዛሬ ስሙ ብቻ በቀረ ነበር። ስለዚህ ዜማ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይቻልም። በክሌርም በሩ ለእንግዳ የተከፈተው በከንቱ አይመስለኝም። በ1935 በወጣ ሕግ ያለ ፈቃድ ሕዝባዊ ዳንስ ማድረግ ተከልክሎ ነበርና በገጠር ቤት ይደረግ የነበረው የጨዋታ ማታ ብዙ ተጐድቷል፤ ወጣቱም በገፍ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። ራሱ ክላንሲ በለንደን ሠርቷል፤ አባቱ በ1957 ሲሞት ነው ወደ አገሩ ጠቅልሎ የገባው። የሚሰማው ያጣ ዜማ፣ ሰሚው ከየትም ይምጣ፣ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። እንግዳ የሚሰጠው ነገር የለም ማለትም ስሕተት ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ በየማታው ወደዚያች መጠጥ ቤት እየሄድሁ በዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ዋሽንቴን ከኪሴ አላወጣሁም። በአምስተኛው ማታ ጧት የተማርሁትን ዜማ አዛውንቱ ሲጀምሩ አየት አደረጉኝ፤ አወጣሁና ከሥር ከሥር ተከተልሁ። ሁለቱን ድምፅ ዘለልሁ፤ ማንም አልሣቀም። በመጨረሻው ማታ ግን ያልጠበቅሁት መጣ። ሌሊቱ ሲገፋ ሰዎች በየተራ ያለ መሣሪያ መዝፈን ጀመሩ፤ አንዱ ሲዘፍን ሌላው ብርጭቆ እንኳ አያንቀሳቅስም። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ደግሞ ከአገርህ አንድ» አሉኝ። እንቢ አልሁ። ደግመው አሉኝ፤ አሁንም እንቢ አልሁ። በሦስተኛው ማምለጫ ስላጣሁ እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጐራጕረውን አንድ ዘፈን ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርሁ። ከመካከሉ ግጥሙ ጠፋኝ፤ መጀመሪያውን ደግሜ ጨረስሁ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከማዶ የተቀመጡ አንዲት ሴት ወይዘሮ «ከማን ያገኘኸው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከእናቴ ነው አልሁ። «እርሷስ ከማን አገኘችው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር።

የእኒያን አዛውንት ስም አውቀዋለሁ፤ ዜማቸውን በነፋሁ ቍጥርም እጠራዋለሁ። እዚህ ያልጻፍሁት በመጽሔት ላይ እንዳትመው ስላላስፈቀድኋቸው ነው።

አገሬ በገባሁ በሁለተኛው ወር እናቴን ልጠይቅ ወደ ገጠር ሄድሁ። ስለ አየርላንድ ብዙ ልንገራት ብዬ ሄጄ ሳለ መጀመሪያ የጠየቅኋት ያን ዘፈን ከማን እንዳገኘችው ነው። ሣቀችብኝ። «የእኛ አገር ዘፈን መስሎህ ኖሯልን? እኔ ልጅ ሳለሁ ከወሎ የመጣች አንዲት ሴት ሁለት ክረምት በእናቴ ቤት በእንግድነት ተቀምጣ ነበር። እርሷ ስትፈትል የምትለው ነው» አለችኝ። የጠፋኝንም ግጥም አንድ ሳታጓድል አለችልኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ የሴቲቱን ስም ጠየቅኋት። እናቴ እንዝርቷን አቁማ ብዙ አሰበች። «ቈይ፣ ይመጣልኛል» አለችና ፈትሏን ቀጠለች።